ትንሿ ሽጉጥ ምን ትጉረስ?

ሽጉጥ እንዳለኝ የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ቁጥሯን፣ ማለትም የምትጎርሰውን የጥይት ልክ ነው። 380 ናት ስል ፊቱ ይለወጣል። በተለይ ወንድ ከሆነ። «እሷማ የቦርሳ ጌጥ ናት» ይለኛል። «ዘጠኝ ሚሊ ያዢ፤ ካልሆነም አርባ አምስት። እነዚህ ትንንሾቹ ሰው አያቆሙም።» እሺ ብዬ አልፈዋለሁ። የእኔን እጅ ይዞ የሚዞረው እሱ አይደለማ።

ስለ እጄ ልንገራችሁ። አውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር አፍንጫ ሥር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ የሚጤስ ዕጣን። ሱቋ ከተከፈተች ጀምሮ ሊጡን ያቦካሁት፣ የጤፉን ከረጢት ያወረድኩት፣ ምጣዱን ያሰስኩት በዚሁ በቀኝ እጄ ነው። አሁን ጣቶቼ ሌሊት ሌሊት ይደነዝዛሉ። ሐኪሜ ካርፓል ተነል ይለዋል፤ እኔ የእንጀራ ደሞዝ እለዋለሁ። የብዙዎቹን ዘጠኝ ሚሊ ሽጉጦች ስላይድ፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚሳበውን የላይኛውን ብረት፣ ስቤ ማቀባበል ያቅተኛል። ቢሳካልኝም ትንሽ እንደተኮስኩ እጄ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ እየተበተነ ይሄዳል። በ380 ግን ቀዳዳዎቹ ከአንድ መዳፍ ስፋት አይወጡም። ለእኔ ክርክሩ እዚያ ላይ አልቋል።

ሽጉጥ ይኑር አይኑር የሚለውን ዛሬ አልከፍተውም። እሱ የየቤቱ ጉዳይ ነው። ይህን የምጽፈው ትንሽ ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ ለያዘና የጥይት መደርደሪያ ፊት ቆሞ ግራ ለሚገባው ሰው ነው። መደርደሪያው ደግሞ ግራ ያጋባል። ሳጥኑ ሁሉ ይፎክራል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ትንሽ ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ ሁሉ ለስላሳ አይደለም። እንደ ዋልተር ፒፒኬ ያሉት የድሮ 380ዎች ስላይዳቸውን ዘግቶ የሚይዘው የራሱ ክብደትና ስፕሪንጉ ብቻ ነው። ስለዚህ ስፕሪንጉ የግድ ጠንካራ ይሆናል፤ መሳቡም ጉልበት ይፈልጋል። ሩገር ኤልሲፒ ደግሞ ባዶዋን 300 ግራም አትሞላም። ኪስ ውስጥ መኖሯ ይረሳል። ስትተኮስ ግን መዳፍ ታቃጥላለች፤ ያን ሁሉ ምት የሚውጥ ክብደት የላትማ። የእኔዋ በ2018 የወጣችው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዚ ናት። ስሟ እንደሚለው እጁ ለደከመ ሰው ታስባ የተሠራች ናት። ካዝናዋ ስምንት ይይዛል። አፈሙዟ 9 ሳንቲ ሜትር ከትንሽ ነው። የአፈሙዙን ርዝመት ልብ በሉልኝ፤ ጥይት ፍጥነት የሚያገኘው እዚያ ውስጥ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

ያደግሁት ጎጃም ነው። መሣሪያ ብርቄ አይደለም። አባቴ ቤት ግድግዳው ላይ ምንሽር ነበር። አያቴ ከጣሊያን የማረኳት ቤሬታም ነበረች፤ የ1934 ሞዴል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) የእሷ ጥይት ያው 380 መሆኑን ያወቅሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። ጣሊያኖቹ ዘጠኝ ኮርቶ ይሉታል። አባቴ ጥይት ሲገዛ ስለ ኃይሉ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። ፍሬዋን በጣቶቹ ያገላብጣታል፤ ቂጧን ያያል፤ ዝገት ካለባት ይመልሳታል። «ትጮሃለች?» ነበር ጥያቄው። አንዷ ስትጮህ አንዷ የምትከሽፍበት ዘመን ነበር። እኔም ዛሬ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ምን ያህል ትገባለች የሚለው ነው። ትከፈታለች ወይ፣ ማለትም ስትመታ አፏ ተገልብጦ ትሰፋለች ወይ የሚለው ሦስተኛ ነው የሚመጣው። ሳጥኖቹ ግን ወሬያቸው ሁሉ ስለ ሦስተኛው ነው።

ትንንሾቹ አራት ናቸው፤ 22፣ 25፣ 32 እና 380። 22 ሎንግ ራይፍል በ1887 የመጣ አዛውንት ነው። ሌሎቹ ሦስቱ የጆን ብራውኒንግ ሥራ ናቸው፤ 32 በ1899፣ 25 በ1905፣ 380 በ1908። በተለመደው ድፍን፣ አፉ ባልተቦረቦረ ጥይት ሲለኩ 25 የ32ን ግማሽ ያህል ኃይል አለው። 32 የ380ን ሁለት ሦስተኛ ያህል። 380 ራሱ ከዘጠኝ ሚሊ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የእርሳሱ፣ ማለትም ከቀለሁ ወጥቶ የሚበረው ክፍል፣ ክብደት የሚጻፈው በግሬን ሲሆን አንድ ግራም 15 ግሬን ተኩል አይሞላም። የ25 እርሳስ 50 ግሬን ነው፤ የ32 ብዙውን ጊዜ 71፤ የ380 ከ90 እስከ 100። ዘጠኝ ሚሊ ብዙውን ጊዜ ከ115 ይጀምርና 147 ይደርሳል። ስለዚህ ወዳጆቼ የሚሉት ውሸት አይደለም። ትንሽ ነው። ጥያቄው ያቺን ትንሽ አቅም በምን እናውላት የሚለው ነው።

«ትንሽ ጥይት አይጎዳም» የሚል ሲገጥመኝ ሬገንን አነሳበታለሁ። ማርች 30 ቀን 1981 ዋሽንግተን ላይ ፕሬዚዳንቱን የመታቸው 22 ነው። ያውም ከርካሽ ሪቮልቨር የወጣ፣ ያውም የመኪናቸውን ብረት ነክቶ የነጠረ። በብብታቸው ገብቶ ሳንባቸውን በስቶ ከልባቸው አንድ ኢንች ያህል ሲቀረው ቆመ። ለጥቂት ነው የተረፉት። ግን ሌላውንም እዩ። መመታታቸውን መጀመሪያ አላወቁም። ጠባቂያቸው መኪና ውስጥ ሲገፋቸው ጎድናቸው የተሰበረ ነው የመሰላቸው። ሁለቱም ነገር እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ትንሽ ጥይት ይገድላል። ወዲያው ግን ላያቆም ይችላል። ራሱን የሚከላከል ሰው የሚፈልገው ደግሞ አጥቂው እንዲያቆም እንጂ ማታ ሆስፒታል እንዲሞት አይደለም።

በዚያው ታሪክ ውስጥ ሌላ የሚገርም ነገር አለ። ጥይቶቹ ተራ አልነበሩም። ሲመቱ እንዲፈነዱ ተብለው የተሠሩ ነበሩ። ከተተኮሱት ስድስቱ የፈነዳው አንዱ ብቻ ነው። ሳጥን ላይ የተጻፈ ፉከራ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

አሁን ሁሉም የሚጠቅሰው መለኪያ የመጣው ከሌላ መከራ ነው። ኤፕሪል 11 ቀን 1986 ማያሚ ውስጥ የኤፍ ቢ አይ ወኪሎች ከሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ገና በጊዜ በዘጠኝ ሚሊ ሆሎ ፖይንት፣ ሲመታ እንዲሰፋ በተሠራ ጥይት፣ ተመትቷል። ጥይቱ ክንዱን አልፎ ደረቱ ውስጥ ገባ፤ ተከፈተ፤ ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰውየው መተኮሱን ቀጠለ። ሁለት ወኪሎች ሞቱ፤ አምስት ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ነው ኤፍ ቢ አይ ጥይትን ሥጋን በሚመስል ጄላቲን መፈተን ሥርዓት ያስያዘው። ጥሩ የሚባለው ጄላቲኑ ውስጥ ከ12 እስከ 18 ኢንች የሚገባው ነው፤ በእኛ ከ30 እስከ 46 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ነው። «የሰው ደረት 30 ሳንቲ ሜትር አለው እንዴ?» የሚል ይኖራል። የለውም። ግን አጥቂ ፎቶ ለመነሳት ፊት ለፊት አይቆምም። ጎኑን ይሰጣል፤ ክንዱ መሀል ይገባል። በዚያ ላይ ልብስ አለ።

ልብስ ካልኩ፣ እዚህ የዴንቨር ክረምት ነው። ሰው ከኅዳር እስከ መጋቢት ሹራብ ላይ ጃኬት፣ ጃኬት ላይ ካፖርት ደራርቦ ነው የሚሄደው። ሆሎ ፖይንት ማለት አፉ ክፍት የሆነ እርሳስ ነው። እርጥብ ነገር ሲገባበት አፉ ይገለበጥና ይሰፋል። ጨርቅ ቀድሞ ከገባበትስ? ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከአውሮራ ወደ ምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ መሬት ያለው ወዳጅ አለን። አንድ ቅዳሜ የወተት ጋሎኖች ውሃ ሞልተን ደረደርን። ከፊታቸው የባለቤቴን አሮጌ ጂንስ አጥፈን ሰቀልን። ባለቤቴ እስካሁን በጂንሱ ያኮርፋል። ጋሎኑን ቀድጄ ያወጣሁት አንዱ እርሳስ አፉ ውስጥ ሰማያዊ ክር ተወትፎበታል። በመርፌ ነው ያወጣሁለት። ጠርዙ ትንሽ እንኳ አልተገለበጠም። ሆሎ ፖይንት ተብሎ በውድ ተገዝቶ ሥራው ግን የድፍን ጥይት ሆነ። ያለ ጂንስ የተኮስነው ወንድሙ በተቃራኒው ቆንጆ ተከፍቶ፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ሥዕል መስሎ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ ቆመ።

እንግዲህ የትንንሾቹ ጣጣ ይህ ነው። የዛሬው ዘጠኝ ሚሊ ለመከፈትም ለመግባትም የሚበቃ አቅም አለው። ትንሹ ግን አንዱን ነው የሚችለው። ከተከፈተ ይቆማል። ካልተከፈተ ይገባል። በእኔ አስተያየት በትንሽ ጥይት መምረጥ ያለብን መግባቱን ነው። ቆንጆ ተከፍቶ ቆዳ ሥር የቀረ እርሳስ ለማንም አይጠቅምም። የሚያስፈልገው ክፍል ጋ የደረሰ ጠባብ ቀዳዳ ይሻላል።

በ380 ይህ ማለት ምንድን ነው? ሳጥኖቹን በስም ልጥራ። የሆርናዲ ክሪቲካል ዲፌንስ 90 ግሬን ነው። አፉ ላይ ቀይ ፕላስቲክ አለው፤ ጨርቅ እንዳይወተፍበት የተደረገ ብልሃት ነው። ብልሃቱ ይሠራል፤ በደንብ ይከፈታል። ግን እንደ ኤልሲፒ ካለች አጭር አፈሙዝ ሲወጣ ብዙ ጊዜ 12 ኢንች አይሞላም። የፌዴራል ሃይድራ ሾክ ዲፕ 99 ግሬን ነው። እርሳሱ ከበድ ያለ ነው፤ የተሠራውም ለጥልቀት ነው። የሊሃይ ኤክስትሪም ፔኔትሬተር ደግሞ ጨርሶ አፍ የለውም። ድፍን መዳብ ሆኖ ጫፉ ላይ ቦይ ቦይ ተቆፍሮበታል፤ ስለዚህ የሚወተፍበት የለም። ከዚያ ተራው ድፍን ጥይት አለ። ከድፍኖቹ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነውን እመርጣለሁ፤ የዊንቸስተር 95 ግሬን እንደዚያ ነው። ሹል ክብ አፍንጫ ያለው ሥጋን ገፋ አድርጎ ያልፋል፤ ጠፍጣፋው ግን እየቆረጠ ነው የሚሄደው። የኪስ ሽጉጥ ያላችሁ ድፍን ጠፍጣፋውን ብትይዙ አላፍርላችሁም። የእኔዋ አፈሙዟ ትንሽ ስለሚረዝም 99 ግሬኑን ነው የማጎርሳት።

ግን «ትጮሃለች?» የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። የትኛውም ዝነኛ ጥይት የእናንተ ሽጉጥ ካልጎረሰው ዋጋ የለውም። አፉ ሰፊ የሆነ ሆሎ ፖይንት ከካዝና ወጥቶ ወደ ላይ ሲንሸራተት ጠርዙ ይይዝና ሽጉጧ ትነክሳለች። ስሙን የማልጠራው አንድ በጣም የተወደሰ ጥይት በእኔዋ ላይ እንዲህ አድርጓል። ግማሽ የተዘጋ ስላይድ፣ ወደ ላይ የቆመ ጥይት፣ አፌ ላይ ስድብ። በባለቤቴ ሽጉጥ ግን ያው ጥይት አንድም ቀን አልነከሰም። ስለዚህ የምትይዙትን ጥይት ሁለት ሦስት ሳጥን ተኩሱ። ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ጥሩው የሚሸጠው በ20 ወይም በ25 ፍሬ ሳጥን ነው፤ ዋጋው ድፍኑን 50 ፍሬ ይገዛል። ደግሞ 380 ከዘጠኝ ሚሊ አንሶ ሳለ ዋጋው ይበልጣል። ፋብሪካዎች ዘጠኝ ሚሊን በገፍ ስለሚያመርቱ ነው። በ2020 እጥረቱ ሲመጣም መጀመሪያ ከመደርደሪያ የጠፋው 380 ነው ማለት ይቻላል። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ አለ። ቢሆንም ሥራ ላይ ያልፈተኑትን ጥይት ሱቅ ውስጥ ይዞ መቆም ለእኔ አይዋጥልኝም።

አሁን ስለ 22። ከደንበኞቼ አንዷ፣ ሰባ የሚጠጉ እናት፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። የ380ዋን ስላይድ እንኳ አይችሉም። ልጃቸው ሩገር ኤስአር22 ገዛላቸው። ተኩስ መለማመጃው ጋ አብሬያቸው ሄድኩ። ካዝናውን ሞላሁላቸው፣ ተኮሱ፣ ተኮሱ፣ ከዚያ ቀጭ ብላ ዝም።

«ምን ሆነች ልጄ? እንቢ አለችኝ እኮ!»

«አፈሙዙን ከፊት ለፊት አያንሱ እትዬ። ትንሽ ይጠብቁ። አሁን ስበው ያውጡት፤ ይቀጥሉ።»

«ሰው እላዬ ላይ ቆሞ ቢሆን እንዲህ ነው የምጠብቀው?»

«እንደዚያ ከሆነስ አይጠብቁም። ወዲያው ይስቡ።»

የከሸፈችውን ፍሬ አንስቼ አሳየኋቸው። በቂጧ ጠርዝ ላይ የሽጉጧ መምቻ መርፌ ምት ደህና አድርጎ ታትሟል። መትቷታል፤ አልጮኸችም። የ22 ችግሩ ይህ ነው። በሌሎቹ ጥይቶች ማቀጣጠያው ቂጣቸው መሀል ላይ በተሰካች ትንሽ ቆብ ውስጥ ነው። በ22 ግን ባዶው ቀለህ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን እንዲዳረስ ይደረጋል። አንድ ቦታ ላይ ሳሳ ካለና መርፌው እዚያ ላይ ካረፈ ይከሽፋል። ያቺኑ ፍሬ አዙረን መልሰን ስናጎርሳት ጮኸች። እትዬ ሳቁ። እኔ ግን በብዛት በርካሽ የሚሸጠውን ለልምምድ ብቻ ያድርጉት አልኳቸው። ለቤት የያዝንላቸው ሲሲአይ ሚኒ ማግ ነው፤ 40 ግሬን፣ መዳብ የተለበጠ፣ አፉ ድፍን። ፌዴራል ፓንች የሚባለውም አለ፤ 29 ግሬን ብቻ ቢሆንም አጭር አፈሙዝ ታስቦበት ለመግባት የተሠራ ነው። የ22 ሆሎ ፖይንት ፍጥነቱ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ በረጅም ጠመንጃ ተለክቶ ነው። ከሽጉጥ ሲወጣ ያ ፍጥነት የለም። አይከፈትም፤ ከተከፈተም አይገባም።

32 ያላችሁ ጥቂት ናችሁ፤ ግን ለእናንተ አንድ ነገር አለኝ። የ32 ቀለህ ቂጡ ላይ ጠርዙ ትንሽ ወጣ ይላል። ድፍኑ ጥይት ርዝመቱ ካዝናውን ስለሚሞላ አይንቀሳቀስም። ሆሎ ፖይንቱ ግን አጠር ይላል። ካዝናው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንሸራተት የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ኋላ ይገባና ይቆላለፋል። ያኔ ስላይዱን በመሳብ አይፈታም፤ ካዝናውን አውጥቶ መፈልቀቅ ነው። ድፍኑን 71 ግሬን ያዙ። ጥልቀትም አለው፤ ካዝናችሁም ሰላም ያገኛል።

ሱቅ ስትሄዱ ስሞቹ እንዳያምታቷችሁ። 380፣ ዘጠኝ ሾርት፣ ዘጠኝ ኩርዝ፣ ዘጠኝ ኮርቶ፣ 9 በ17 ሁሉም አንድ ናቸው። ተራው ዘጠኝ ሚሊ 9 በ19 ነው፤ ይረዝማል፤ በ380 ሽጉጥ አይሆንም። የአክስቴ ልጅ አገር ቤት ወታደር ነበር። ማካሮቭ ነው የሚያውቀው። «ያው አይደለም እንዴ?» አለኝ። አይደለም። የማካሮቭ 9 በ18 እርሳሱም ትንሽ ይሰፋል። ሌላው ሳጥን ላይ ‹ፕላስ ፒ› የሚል ነገር ነው፤ ከተለመደው በላይ ግፊት አለው ማለት ነው። ለዘጠኝ ሚሊ ይህ የታወቀ የግፊት ልክ አለው። ለ380 ግን የአሜሪካ ጥይት አምራቾች ማኅበር ያወጣው እንዲህ ያለ ልክ የለም። አምራቹ በራሱ ሚዛን የጻፈው ነው። እኔ አልገዛውም። የእጄም ነገር አለ።

የሚገባ ጥይት ስመርጥ «ወዲያ ማዶ ቢወጣስ?» የሚለው መምጣቱ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ድፍን 380 ከ18 ኢንች ሊያልፍ ይችላል። የሱቄ ደንበኞች ልጆቻቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ከበሩ ውጭ መኪና ማቆሚያ ነው። 99 ግሬኑን ከድፍኑ ያስመረጠኝ አንዱም ይህ ነው። የሳተ ጥይት ግን ማንኛውም ዓይነት ይሁን ማዶ መውጣቱ አይቀርም። የዚህ አገር ግድግዳ ሁለት የጂፕሰም ሰሌዳ ነው፤ 22ን እንኳ አያቆምም። ስለዚህ ከባንኮኒዬ ኋላ ሆኜ በየት በኩል ጡብ እንዳለ፣ በየት በኩል መስታወት እንደሆነ አውቀዋለሁ። የጤፉን ከረጢት ጡቡ ወዳለበት ማዕዘን ያዛወርኩትም በከንቱ አይደለም።

ሕጉን ባጭሩ። በኮሎራዶ በራስ ንግድ ቤት ሽጉጥ በልብስ ሥር ለመያዝ ፈቃድ አይጠየቅም፤ መንገድ ላይ ሸሽጎ ለመሄድ ግን የሸሪፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሕገ ወጥ መንገድ ቤት የገባን ሰው ለመከላከል የሚሠራው ታዋቂው የ1985 ሕግ ለመኖሪያ ቤት እንጂ ለሱቅ አይደለም። ሱቅ ውስጥ የሚሠራው የተለመደው ራስን የመከላከል ሕግ ነው፤ ዋናው መነሻውም ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚያሰጋ ነገር ፊት ለፊት መምጣቱ ነው። ገንዘብ ብሎ ለመጣ የገንዘቡን መሳቢያ ከፍቼ እሰጠዋለሁ፤ ይህንን ለሠራተኞቼም ነግሬያቸዋለሁ። ሽጉጥ ሲገዛ የሚሞላው 4473 የሚባለው ቅጽ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ የተለየ ነገር ካልያዘ፣ ሽጉጥ ብቻ ሳይሆን ጥይትም መያዝ ክልክል ነው። ‹ጥይቷን ብቻ ያዝልኝ› ብላችሁ የሰው ልጅ እንዳታሳስሩ። ቅጹ ስለ ዕፅም ይጠይቃል። ማሪዋና ኮሎራዶ ውስጥ ቢፈቀድም በፌዴራል ቅጽ አይሠራም። ጫት የምትቅሙም አላችሁ፤ ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከክልክሎቹ የመጀመሪያው መደብ ውስጥ ነው። ቅጽ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ልጅ ያለበት ቤት ከ2021 ጀምሮ መቆለፍ ግዴታ ነው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ሰው የሌለበት መኪና ውስጥ የሚቀር ሽጉጥ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን መሆን አለበት። መኪና ውስጥ ትታችሁ ቅዳሴ የምትገቡ፣ እናንተን ነው።

ሌላ የቤት ሥራ አለ። ማታ ሽጉጧን ባዶ አድርጎ ጠዋት ያቺኑ ፍሬ መልሶ የሚያጎርስ ሰው ብዙ ነው። በየጊዜው አፍንጫዋ ብረት ስትመታ እርሳሱ ወደ ቀለሁ ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል። ባሩዱ ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲቃጠል ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ያቺን ፍሬ ገና ከሳጥን ከወጣች አዲስ ፍሬ ጎን አቁማችሁ አስተያዩዋት፤ አጥራ ካገኛችኋት አትተኩሷት፣ ለይታችሁ ለመለማመጃው ሠራተኞች ስጡ። እኔ ከበዓለ ትንሣኤ በኋላ ካዝናዬ ውስጥ የከረመውን እተኩሳለሁ፤ ሳጥን አዲስ እከፍታለሁ።

25ን ሳልነካው አለፍኩ የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ባለፈው አንዲት እህት ከአማቷ የወረሰችውን ይዛ መጥታ ጠይቃኛለች። ከአጭር አፈሙዝ ሲወጣ ኃይሉ ከ22 ብዙም አይርቅም፤ ግን ማቀጣጠያው መሀል ላይ ስለሆነ እንደ 22 አይከሽፍም። ብራውኒንግም የሠራው ለዚሁ ነው። ድፍን 50 ግሬን ግዢ፣ ሆሎ ፖይንቱን ተዪው አልኳት። ደግሞ ሽጉጧ በዕድሜ ከእሷ ስለምትበልጥ መጀመሪያ ስፕሪንጉን የሚያውቅ ሰው ይይላት።